የምድር መናወጥ በኢትዮጵያ ታሪክና የጐጃም ደጋ

ሰው በሕይወቱ ብዙ ነገር ይጠራጠራል፤ የባልንጀራውን ቃል ይጠራጠራል፥ የዝናሙን መምጣት ይጠራጠራል፥ የገበያውን ዋጋ ይጠራጠራል። የቆመበትን መሬት ግን አይጠራጠርም። በቋንቋችን «መሠረት ያለው ነገር» ስንል የማይነቃነቅ ማለታችን ነው። ቤትም ብንሠራ፥ ድልድይም ብንዘረጋ፥ ቤተ ክርስቲያንም ብናንጽ፥ የምንሠራው ሁሉ ምድር ጸንታ ትኖራለች በሚል እምነት ነው። ስለዚህ ምድር ራስዋ በተናወጠች ጊዜ የሰው ድንጋጤ ከሌላው አደጋ ሁሉ የተለየ ይሆናል። ከጐርፍ ወደ ኰረብታ፥ ከእሳት ወደ ሜዳ ይሸሻል፤ ከምድር ግን ወዴት ይሸሻል?

አባቶቻችን ይህን ነገር አላጡትም። በግዕዝ «ድልቅልቅ» ብለው ሰይመውታል፤ በአማርኛም የምድር መናወጥ፥ የመሬት መንቀጥቀጥ፥ እንዲሁም ርዕደ መሬት እንለዋለን። ስም ያለው ነገር የታወቀ ነገር ነው። ነገር ግን ስሙን ማወቅና ታሪኩን ጽፎ ማቈየት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው፥ መንቀጥቀጥ ዘወትር የሚጐበኘው አገር ታሪኩን በአፍ ሊያቈየው እንደሚችል፥ ከብዙ ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ የሚጐበኘው አገር ግን ካልጻፈው ፈጽሞ እንደሚረሳው ነው። የጐጃም ደጋ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። በአገራችን የሆነውን በኢትዮጵያ አቈጣጠር እንጽፋለን፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ስንጽፍ ግን በየስፍራው እናስታውቃለን።

፩. የደጋው ጸጥታ

ደብረ ማርቆስ፥ በቀድሞ ስሟ መንቆረር፥ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያኽል ከፍ ብላ በጮቄ ተራራ ደቡባዊ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ የሚነሣ፥ ወንዞቹን በዙሪያው ሁሉ ወደ ዓባይ የሚሰድ የውሃ እናት ነው። ዛሬ ጓሳና ገብስ ለብሶ የምናየው ይህ ተራራ በጥንተ ተፈጥሮው የእሳተ ገሞራ ተራራ ነበር። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደ ደረሱበት፥ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ያኽል በፊት ከምድር ሆድ የወጣ ቅልጥ ዐለት እንደ ጐርፍ ፈስሶ፥ ንብርብር ሆኖ ረግቶ የኢትዮጵያን ደጋ ሠራ፤ ጮቄም ከዚያ በኋላ፥ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ያኽል በፊት፥ በደጋው ላይ ተከምሮ ተነሣ። ግንበኛው ዛሬ ጠርቦ ለመሠረት የሚያኖረው ጥቁር ድንጋይ የዚያ እሳት ቅሪት ነው።

ከጐጃም በስተ ምሥራቅ፥ ሸዋንና ወሎን ከተሻገርን በኋላ፥ ደጋው ድንገት ተቈርጦ ወደ ስምጥ ሸለቆና ወደ አፋር ቈላ ይወርዳል። በዚያ የአፍሪካ ምድር ለሁለት እየተከፈለ ነው፤ በስተ ምዕራብ ያለው ሰሌዳና በስተ ምሥራቅ ያለው ሰሌዳ በስምጥ ሸለቆው ላይ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያኽል ይራራቃሉ። ይህ መጠን እጅግ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ዐለት እንደ ቅቤ እየለጠጡ የሚጐትቱት ነገር አይደለም፤ ለብዙ ዘመን እየተወጠረ ይታገሥና ትዕግሥቱ ባለቀበት ቀን ይሰበራል። የዚያ ስብራት ድምፅና ሞገድ ነው ምድርን የሚያናውጠው።

ጐጃም ከዚህ መክፈያ ስፍራ ርቆ ስለሚገኝ አደጋው ከስምጥ ሸለቆው እጅግ ያነሰ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ያነሰ ማለት የለም ማለት አይደለም። የጣና ሐይቅ ራሱ የተቀመጠው የምድር ስንጥቆች በሚገናኙበት ዝቅ ባለ ስፍራ ነው። ከጣና በስተ ደቡብ ያለው መሬት በሥነ ምድር አቈጣጠር ወጣት በሆነ የእሳተ ገሞራ ዐለት ተሸፍኗል፤ በአዊ ያለው የዘንገና ሐይቅም ውሃ የሞላበት የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። ስለዚህ ደጋው ዝምተኛ ነው ቢባል እውነት ነው፤ ሙት ነው ቢባል ግን ስሕተት ይሆናል።

፪. የተጻፈውና ያልተጻፈው

የኢትዮጵያን የምድር መናወጥ ታሪክ የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባዋል። የተጻፉት መናወጦች የተገኙት ምድር በብዛት በተናወጠችበት ስፍራ ብቻ አይደለም፤ ጸሐፊ በነበረበትም ስፍራ ነው። ንጉሥ ባለበት ጸሐፌ ትእዛዝ አለ፤ መልእክተኛ ባለበት የዕለት ማስታወሻ አለ፤ መሣሪያ ባለበት መዝገብ አለ። ከነዚህ አንዱም በሌለበት አገር ምድር ብትናወጥ፥ ወሬው ባዩት ሰዎች ዕድሜ ልክ ኖሮ ከነርሱ ጋራ ይቀበራል።

ለዚህ ማስረጃ የምትሆነን ጐንደር ናት። የታላቁ ኢያሱ ግንብ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1704 በሆነው የምድር መናወጥ እንደ ተጐዳ የታወቀ ነው። ጐንደር በስምጥ ሸለቆ ውስጥ አይደለችም፤ ጐጃም ባለበት በዚያው በሰሜን ምዕራቡ ደጋ ላይ ናት። የዚያን ዓመት መናወጥ ያወቅነው ጐንደር የመንግሥት ከተማ ስለ ነበረች፥ የሚሰነጠቅ ግንብና ያን የሚመዘግብ ሰው ስለ ነበራት ነው። በዚያው ዘመን በዓባይ ማዶ ባለ የገበሬ ቀበሌ እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ ቢሆን፥ ጐጆው ተወዛውዞ ተመልሶ ይቆማል፤ የሚጽፈውም አይገኝም። እንዲሁም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1842፥ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ አንኮበር ስትናወጥና ተዳፋቱ ሲናድ የውጭ አገር መልእክተኞች በከተማዪቱ ስለ ነበሩ ነገሩ ወደ መጽሐፍ ገባ።

ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በሐይቆቹ አገር በላንጋኖ አካባቢ ታላቅ የምድር መናወጥ ሆነ። ኃይሉ በኋላ በተደረገው ግምት በሪክተር መለኪያ ከ6.5 በላይ ነበር፤ በዋና ከተማዪቱም ሕዝቡ እጅግ ደነገጠ። ያ ዓመት ለዓለምም የመናወጥ ዓመት ነበር፤ በሚያዝያ 10 ቀን የአሜሪካዪቱ ሳን ፍራንሲስኮ ፈርሳና ተቃጥላ ነበር፤ በነሐሴ 10 ቀን ደግሞ የቺሌዋ ቫልፓራይሶ ፈረሰች። ከዚያ በ9ኛው ቀን የኛ ሆነ። የሳን ፍራንሲስኮ ጥፋት ስሙ በዓለም ሲነገር የላንጋኖው ግን ብዙ ወሬ ሳይነሣለት ያለፈበት ምክንያት ቀላል ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ከተቈረቈረች 20 ዓመት ያኽል ብቻ ነበር፤ የሕዝቡ ቤት አብዛኛው የእንጨትና የጭቃ፥ ጣራውም ሣር ነበር። ምድር ተናወጠች፤ በራስ ላይ የሚወድቅ ከባድ ነገር ግን ብዙ አልነበረም።

የመሣሪያው ዘመን የጀመረው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1957 እና በ1958 የዓለም ሊቃውንት ምድርን በአንድነት ለመመርመር «ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት» ብለው በተነሡ ጊዜ፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። ያቋቋሙትና ለብዙ ዓመት የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዋን ነበሩ። ጣቢያው ብዙ ሳይቈይ ታላቅ ፈተና ገጠመው። በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በካራ ቆሬና በማጀቴ አካባቢ ምድር ለብዙ ሳምንታት ተናወጠች። ትልቁ የደረሰው ግንቦት 24 ቀን ሲሆን ኃይሉ 6.5 ያኽል ነበር። ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራ ቆሬም ወደ ግማሽ የሚጠጋ ቤት ወደቀ፤ አውራ ጐዳናው ተሰነጠቀ፥ በየስፍራውም ሰመጠ። የአዲስ አበባው መሣሪያ ታላቁንና ታናሹን አንድ ላይ በሺህ የሚቈጠር መናወጥ መዘገበ። በስምንተኛው ዓመት፥ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም.፥ በአፋር በአሰብ መንገድ ላይ የነበረችው ሰርዶ ፈረሰች፤ ብዙ ሰዎችም ሞቱባት።

አባ ጉዋን መሣሪያውን በማንበብ ብቻ አልተወሰኑም። ከ500 ዓመት የበለጠውን ታሪክ ከዜና መዋዕል፥ ከመንገደኞች መጽሐፍ፥ ከደብዳቤና ከመዝገብ አሰባስበው የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የምድር መናወጥ ታሪክ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1979 በመጽሐፍ አሳተሙ። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውል የምንሻው ነገር አለ። ለዚህ ጥናት የአንድ ደብተራ ቃል ከመሣሪያው ያላነሰ ዋጋ አለው። ሊቃውንቱ የመናወጥን ብርታት የሚመዝኑበት ሁለት ሚዛን አላቸውና። አንደኛው በመሣሪያ የሚለካው፥ ከስብራቱ የወጣው ኃይል ነው። ሁለተኛው በየስፍራው በታየው ምልክት የሚለካው ሲሆን፥ በጣልያናዊው በመርካሊ ስም የሚጠራ፥ 12 ደረጃ ያለው ነው። የተኛ ሰው ነቃ ወይስ አልነቃም? በመደብ ላይ ያለ እንስራ ተንከባለለ ወይስ ቆመ? ከጋን ጠላ ፈሰሰ ወይ? ምርጊቱ ተሰነጠቀ፥ ግንቡስ ወደቀ ወይ? እንዲህ ያለውን የቤት ነገር በጥንቃቄ የጻፈ ሰው፥ ሳያውቀው ለወደፊቱ መሐንዲስ ቍጥር ጽፎለታል።

በዘመናችንም ነገሩ አልቆመም። ከመስከረም 1998 ዓ.ም. ጀምሮ በአፋር በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያኽል ርዝመት ያለው ምድር ተሰነጠቀ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ለወራት የቈየ መናወጥ ተነሣ፤ የካቲት 7 ቀን የደረሰው 6.0 ተመዘገበ፤ አዲስ አበባም በፎቅ ላይ ያሉ ሰዎች ደጋግመው ወደ ደጅ ወጡ። ከአፋርና ከኦሮሚያ ከ60000 የበለጠ ሰው ከቀዬው ተነሣ፤ ቤቶች፥ ትምህርት ቤቶችና መንገዶች ተጐዱ። ይህን ሁሉ ያየ ትውልድ ነገሩን አይረሳም። የጐጃም ደጋ ግን ይህን የሰማው ከሩቅ ነው፤ ከሩቅ የተሰማ ነገር ደግሞ ፈጥኖ ይረሳል።

፫. ቤቱ ሲለወጥ

ምድሪቱ በመቶ ዓመት አልተለወጠችም፤ ቤቱ ግን ተለውጧል። የነገሩም ዋና ጭብጥ ይህ ነው።

የጐጃም ገበሬ የጥንት ቤት የሚሠራው ከእንጨት ነው። ቋሚው ይተከላል፤ በማገር ዙሪያውን ይታሰራል፤ ምሰሶው በመካከል ይቆማል፤ ወጋግራው ከምሰሶው ተነሥቶ በግድግዳው ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ይመረጋል፥ ሣር ይከደናል። መሐንዲስ ይህን ቤት ቢመረምረው ሦስት ነገር ያገኝበታል። ቀላል ነው፤ ምድር ስትናወጥ የሚጐዳው ክብደት ነውና፥ ቀላል ቤት በቀላሉ ይተርፋል። የተሳሰረ ነው፤ ግድግዳው ከጣራው፥ ቋሚው ከማገሩ ጋራ በልጥ ወይም በምስማር ተያይዟል። ደግሞም ይለመጣል፤ እንጨት ሳይሰበር ጐንበስ ብሎ ይመለሳል፤ ምርጊቱ ቢረግፍ እንኳ አፅሙ ይቆማል። እንግዲህ አባቶቻችን ስለ ምድር መናወጥ ብለው ባይሠሩትም፥ ለመናወጥ የሚስማማ ቤት ሠርተው ነበር። ከዚህ የሚለየው በጭቃ ብቻ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ ነው፤ እርሱ ከባድ ነው፥ አይለመጥም፥ ድንጋይና ድንጋዩን የሚያስር ነገርም የለውም፤ በመናወጥ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወድቅ እርሱ ነው።

ይህ ሐሳብ የኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ኅዳር 1 ቀን 1755 የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝቦን በመናወጥ፥ በባሕር ማዕበልና በእሳት ጠፋች። ከተማዪቱን እንደገና ያሠራው፥ በኋላ ማርኪዝ ደ ፖምባል የተባለው ሚኒስትር ነበር። አዲሶቹ ቤቶች በድንጋዩ ግንብ ውስጥ የእንጨት አፅም እንዲኖራቸው ተደረገ፤ ቋሚና አግዳሚው እንጨት በመስቀለኛ እንጨት የተሳሰረ ስለ ሆነ የአገሩ ሰዎች «ጎጆ» ሳይሆን «ጋዮላ»፥ ማለት የወፍ ቤት፥ ብለው ሰየሙት። የአሠራሩን ጽናት ለመፈተንም ወታደሮች በዙሪያው በኃይል እየረገጡ እንዲሄዱ ተደረገ ይባላል። የኛን ማገር ያየ ሰው የዚህን ጥበብ ምሥጢር ለመረዳት አይቸገርም።

ፖምባል ያደረገው ሌላም ነገር አለ፤ ለኛ ጕዳይ ከቤቱ ይልቅ የሚጠቅመው ይህኛው ነው። በአገሩ ወዳሉት አጥቢያዎች ሁሉ ለካህናቱ የጥያቄ ወረቀት ላከ። መናወጡ በስንት ሰዓት ጀመረ? ምን ያኽል ቈየ? ስንት ቤት ፈረሰ፥ ስንት ሰው ሞተ? ባሕሩ አስቀድሞ ከፍ አለ ወይስ ዝቅ አለ? ምንጮች ተለወጡ ወይ? እያለ ጠየቀ። መልሶቹ ዛሬም ድረስ ስላሉ፥ የዘመናችን ሊቃውንት ያን መናወጥ የሚመረምሩት በነዚያ የገጠር ካህናት ምስክርነት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዛሬ በደብረ ማርቆስም፥ በደጀንም፥ በፍኖተ ሰላምም የሣሩ ጣራ በቈርቈሮ ተተክቷል፤ በአውራ ጐዳናውም ዳር የብሎኬትና የአርማታ ፎቅ ቆሟል። ይህ መልካም ዕድገት ነው፤ ወደ ጐጆ እንመለስ የሚል ከመካከላችን የለም። ነገር ግን ፎቁ ከጐጆው የሚለየው በቁመቱ ብቻ አይደለም። ጐጆ የሠሪውን ስሕተት ይታገሣል፤ ፎቅ አይታገሥም። የአርማታ ኮለን ጽናት የሚገኘው ከሲሚንቶው ብቻ ሳይሆን በውስጡ ካለው ፌሮ፥ ፌሮውንም ዙሪያውን አስሮ ከሚይዘው ስታፋ ነው። ስታፋው ከተራራቀ፥ ወይም ጫፉ ወደ ኮለኑ ውስጥ ሳይታጠፍ ከቀረ፥ ቤቱ በጸጥታ ቀን ምንም አይለውም፤ በመናወጥ ቀን ግን ስታፋው ይፈታል፥ ፌሮው ይጐብጣል፥ ኮለኑም ይፈነዳል። ሁለተኛው ስሕተት ምድር ቤቱን ለሱቅ ብሎ ክፍት ማድረግና ከበላዩ በብሎኬት የተሞላ ከባድ ፎቅ መጫን ነው፤ እንዲህ ያለ ሕንፃ በቀጫጭን እግር የቆመ ባለ ከባድ ሸክም ሰው ይመስላል። ሦስተኛው አፈሩን አለማወቅ ነው፤ ዐለት ላይ ካለ ቤት ይልቅ ጥልቅ በሆነ ለስላሳ አፈር ላይ ያለ ቤት በብርቱ ይናወጣል። በጐጃም ደጋ በብዙ ስፍራ የሚገኘው መረሬ አፈር በክረምት አብጦ በበጋ የሚሰነጠቅ ስለ ሆነ፥ ምድር ባትናወጥ እንኳ ለመሠረት ጥንቃቄ የሚሻ ነው።

በዓለም ዙሪያ የሆነውን ብናይ የሠሪው ድርሻ ይገለጥልናል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2010 በሄይቲ 7.0 የሆነ መናወጥ ከ100000 የበለጠ ሰው ገደለ፤ በዚያው ዓመት በቺሌ 8.8 የሆነው፥ ማለት በኃይል እጅግ የሚበልጠው፥ የገደለው በመቶ የሚቈጠር ሰው ነው። የስብራቱ ስፍራ ለከተማ መቅረቡና መራቁ ለዚህ ልዩነት ድርሻ አለው፤ ዋናው ነገር ግን ቺሌ ከቫልፓራይሶ ጥፋት ወዲህ በየጊዜው የተማረችውን በሕግ ጽፋ፥ ሕጉንም በሥራ አውላ መገኘትዋ ነው። ጃፓንም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1923 ቶኪዮና ዮኮሃማ ከጠፉ በኋላ፥ በሚከተለው ዓመት ሕንፃ ሁሉ በጐን ለሚመጣ ግፊት እንዲሰላ በሕግ ደነገገች።

፬. ሕግ የትውልድ ማስታወሻ ነው

አገራችንም በዚህ ረገድ ባዶ እጅዋን አይደለችም። ስለ ምድር መናወጥ የሚደነግግ የሕንፃ ሥራ ደንብ ከአውሮፓውያን 1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ወጥቷል፤ በ1995 እና በ2015፥ በዚያው በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ታድሷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624ም የሕንፃን ደኅንነት በሕግ አጽንቷል። ከነዚህ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደንቦች ስናነጻጽር አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። የ1995ቱ ደንብ ሕንፃ የሚሰላለትን መናወጥ የወሰደው በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል ተብሎ ከሚገመተው ነበር፤ የ2015ቱ ግን በ475 ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል ከሚባለው ወሰደ። በዚህም ምክንያት ለአዲስ አበባ ሕንፃዎች የሚታሰበው የምድር ግፊት እጥፍ ሆነ።

ይህን 475 ዓመት ወደ ኋላ ብንቈጥረው የት ያደርሰናል? ወደ ዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ያደርሰናል። ከገላውዴዎስ ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ በስምጥ ሸለቆው ላይ ሁለቱ ሰሌዳዎች ከሁለት ሜትር በላይ ተራርቀዋል። የሰው ዕድሜ 70 ቢበዛ 80 ነው፤ አያት ለልጅ ልጅ ቢነግር ወሬው 150 ዓመት ቢደርስ ነው። መሐንዲሱ የሚጠይቀው ግን የገላውዴዎስን ዘመን ነው። ይህን ያኽል ርቀት በአፍ የሚሻገር ነገር የለም፤ የሚያሻግሩት ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ድንጋይ፥ ብራናና ሕግ።

ጐጃም ደግሞ በድንጋይና በብራና ድኻ አይደለም። በምሥራቅ ጐጃም ያለችው መርጡለ ማርያም በእቴጌ እሌኒ የታነጸች፥ በኋላም በኢየሱሳውያን ዘመን እንደገና የተሠራች ናት፤ ጥርብ ግድግዳዋ ከፊሉ ፈርሶ ከፊሉ ቆሞ ይታያል። የዚያን ግድግዳ ስንጥቅ የሚመረምር ሰው ጦርነት ያፈረሰውን፥ ዝናም የሸረሸረውን፥ የዛፍ ሥር የፈለቀቀውንና ምድር ያናወጠችውን ለይቶ ሊያውቅ ይችላል፤ ይህ በሌሎች አገሮች ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል። ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስም የብራና ሀብት ያላቸው ገዳማት ናቸው። በብራና መጻሕፍት ኅዳግና በባዶ ገጻቸው ላይ የርስት ውል፥ የአለቃ ሹመት፥ የረኃብና የአንበጣ ወሬ ተጽፎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። አንድ መስመር «በዚህ ዓመት ምድር ተናወጠች» የሚል ቢገኝ፥ ለሌላው ሰው ትንሽ ነገር ነው፤ ለመሐንዲሱ ግን የአንድ ክፍለ ዘመን መዝገብ ነው።

፭. የዓባይ በረሃ

ስለ ጐጃም ስንናገር ዓባይን ሳንሻገር አንጨርስም። ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው 300 ኪሎ ሜትር ያኽል መንገድ ከደጀን እስከ ጐሐ ጽዮን ድረስ 40 ኪሎ ሜትር ያኽል በዓባይ በረሃ ይወርዳል፥ ይወጣል፤ የሸለቆውም ጥልቀት ከ1000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ገደል የተገለጠው ዐለት ከላይ ጥቁር ድንጋይ፥ ከበታቹ የኖራ ድንጋይ፥ ከርሱም በታች ጂፕሰምና የጭቃ ድንጋይ፥ ከሁሉም በታች የአሸዋ ድንጋይ ነው። ጠንካራው በደካማው ላይ ስለ ተጫነ፥ የክረምት ውሃ ሰርጎ ደካማውን ባለሰለሰ ጊዜ ተዳፋቱ ይንሸራተታል፤ መንገዱ በየዓመቱ የሚያብጠውና የሚሰምጠው ስለዚህ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008 በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ከቀድሞው ድልድይ አጠገብ ተመረቀ፤ ከ2010 ጀምሮም የጃፓንና የኢትዮጵያ ባለሙያዎች የተዳፋቱን መንሸራተት በኅብረት አጠኑ።

ይህን በምድር መናወጥ ታሪክ ውስጥ ያገባንበት ምክንያት አለን። በደጋ አገር መናወጥ ከሚያደርሰው ጕዳት አንዱ ገደልን መናድ ነው፤ የአንኮበር ታሪክ ይህን አሳይቶናል። በበጋ ምንም የማያደርግ ቀላል መናወጥ፥ በነሐሴ ውሃ በጠጣ ተዳፋት ላይ ቢደርስ መንገድን ሊቈርጥ ይችላል። መናወጥም ሳይኖር የዝናም ውሃ ብቻ ምን እንደሚያደርግ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጐፋ አይተናል፤ ከ200 የበለጠ ሰው በአንድ ቀን በመሬት መንሸራተት አልቋል፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ አስቀድሞ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። የተጐዳ አገር የሚነሣው እህል፥ መድኃኒት፥ ሲሚንቶና ባለሙያ ሲደርስለት ነው፤ ለጐጃም ይህ ሁሉ የሚመጣበት ዋናው በር የዓባይ መንገድ ነው። ስለዚህ የተዳፋቱን ጥናት ለመንገድ ሥራ ብቻ የሚሆን አድርጎ መቍጠር አይገባም፤ ለአገሩ ሁሉ የክፉ ቀን ስንቅ ነው።

፮. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት አብዛኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች፥ መምህራንና ተማሮች ናቸውና፥ ለየድርሻቸው ጥቂት ቃል እንናገራለን።

የከተማ ሥራ በእጃቸው ያለ ሹማምንት፥ «በኛ አገር ምድር ተናውጣ አታውቅም» የሚለውን ቃል እንደ ማስረጃ እንዳይቀበሉት እንለምናለን። ይህ ቃል የሚመሰክረው ስለ ምድር ሳይሆን ስለ ተናጋሪው ዕድሜ ነው። የሕንፃ ፈቃድ በወረቀት ከተፈተሸ በኋላ፥ አርማታው ከመፍሰሱ በፊት ስታፋውን ወርዶ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል፤ ሲሚንቶ ከፈሰሰ በኋላ ስሕተትን የሚያየው ምድር ብቻ ነውና። ከትልቁ ሕንፃም ይልቅ ተቈጣጣሪ የማይደርስበት የገጠር ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሊታሰብበት ይገባል። ለገጠሩ ግንበኛ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ከመስጠት ይልቅ፥ ጥቂት ነገር በሥዕል አሳይቶ ማስተማር ይሻላል፤ በግድግዳው ራስ ላይ ዙሪያውን የሚያስር ቀበቶ ይኑር፥ ማዕዘኑ ይያያዝ፥ ጣራው ከግድግዳው ጋራ ይታሰር፥ በርና መስኮት ከማዕዘን ይራቅ። ይህን የሚሰማ የጐጃም ግንበኛ እንግዳ ነገር አይሆንበትም፤ አያቱ በማገር ያደርጉት የነበረውን ነውና።

መምህራንና ተማሮች ደግሞ ከሊዝቦኑ ሚኒስትር የጥያቄ ወረቀት ትምህርት ይውሰዱ። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በየወረዳውም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ በየአጥቢያውም ካህንና ሽማግሌ አለ። አንድ ተማሪ በዕረፍቱ ጊዜ ወደ አገሩ ሲሄድ አምስት ጥያቄ ይዞ ይሂድ። ምድር ስትናወጥ ያየ ወይም ከአባቱ የሰማ አለ ወይ? በየትኛው ንጉሥ ወይም በየትኛው ክፉ ዘመን? በቤት ውስጥ ምን ወደቀ፥ ምን ተሰነጠቀ? ምንጭ ደረቀ ወይስ አዲስ ፈለቀ? የተናደ ገደል አለ ወይ፥ ስሙስ ማን ይባላል? የስፍራ ስም ራሱ ታሪክ ያዘለበት ጊዜ ብዙ ነውና ይህ የመጨረሻው ጥያቄ አይናቅ። መልሱ «የለም» ቢሆን እንኳ ይጻፍ፤ ተጠይቆ የተገኘ «የለም» ካልተጠየቀ ዝምታ ይሻላል። የተሰበሰበውም በትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ይቀመጥ፥ ግልባጩም የአገሪቱን መናወጥ ለሚመዘግቡት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ይላክ።

ይህን የምንለው ሰዓቱ ስላለፈብን ሳይሆን እያለፈ ስለ ሆነ ነው። አዋቂ ሽማግሌ በሞተ ቍጥር፥ የብራና መጽሐፍ በተቃጠለና በተሰረቀ ቍጥር፥ አሮጌ ግንብ ሳይመረመር በአዲስ ሲሚንቶ በተለሰነ ቍጥር፥ ከዚያ መዝገብ አንድ ገጽ ይቀደዳል። መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ ያለፈው 475 ዓመት ግን አይገዛም። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የሆነውን ዛሬ እኛ እንደምንፈልግ፥ በኛ ዘመን የሆነውን የሚፈልግ ትውልድ ይመጣል። በዚያን ጊዜ ከጐጃም ደጋ የሚያገኘው ዝምታን ብቻ እንዳይሆን፥ ዛሬ ብዕር ያነሣ ሰው ለገዛ ቤተ ሰቡ ቤት መሠረት እንዳኖረ ይቈጠርለታል።